በሞድ በተስፋፋው ኬርባል ስፔስ ፕሮግራም ውስጥ የመንኮራኩር ክፍሎችን የሚያዛቡ የፊዚክስ ስሕተቶች፦ የመለያና የማረሚያ ዝርዝር መመሪያ

ኬርባል ስፔስ ፕሮግራም በሜክሲኮው ስኳድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበና በሚያዝያ 2015 ሙሉ እትሙ የወጣ የጠፈር በረራ ማስመሰያ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ታንክን፣ ሞተርን፣ ክንፍንና ሌሎች ክፍሎችን ገጣጥሞ የራሱን መንኮራኩር ያስወነጭፋል። የመጨረሻው እትም 1.12.5 ከወጣ በኋላም ጨዋታውን ሕያው አድርገው ያቆዩት ተጫዋቾች የሚያዘጋጇቸው ሞዶች፣ ማለትም አዲስ ክፍል ወይም አሠራር የሚጨምሩ ተጨማሪ ፋይሎች፣ ናቸው። ሞዶቹ እየበዙ ሲሄዱ ግን ለማመን የሚያስቸግሩ ነገሮች ይታያሉ፦ ጸጥ ብሎ የነበረ የጠፈር ጣቢያ በራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ አንድ ሞተር ከተጻፈለት በላይ ነዳጅ ይጠጣል፣ ለስላሳ አፍንጫ ያለው ሮኬት እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ አየር ይገፋዋል፣ የሮቦት ክንድ ጥቂት ጊዜ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ቦታውን ስቶ ይቀራል።

ብዙ ተጫዋቾች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ወዲያው ሌላ ማስተካከያ ሞድ ይጨምራሉ። ይህ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ያባብሰዋል፤ ምክንያቱም «የፊዚክስ ስሕተት» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ባሕርያቸው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የጨዋታው ሠሪዎች አውቀው ያደረጉት ማቅለያ ነው። ሁለተኛው ኮምፒዩተሩ ቁጥሮችን በሚያሰላበት መንገድ የሚመጣ የስሌት ውስንነት ነው። ሦስተኛው በአንድ ክፍል የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ በስሕተት የተጻፈ ወይም በሌላ ሞድ የተለወጠ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው የሚፈልገው ምርጫ፣ ሁለተኛው የመንኮራኩር አሠራር ለውጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ የጽሑፍ እርማት ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት ምንም አይፈይድም፤ ስለዚህ የመመሪያው ትልቁ ክፍል የሚያተኩረው በመለየት ሥራ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ንጹሕ የመሞከሪያ ቅጂ ማዘጋጀት

ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት የጨዋታውን ሙሉ አቃፊ በሌላ ስም ይቅዱ፤ የሚጫወቱበት ዋናው ቅጂ አይነካ። ጨዋታው ከአንድ አቃፊ ሆኖ ስለሚሠራ ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ችግር የለውም። በተቀዳው ውስጥ «ጌም ዳታ» የተባለውን አቃፊ ከፍተው የስኳድን የራሱን አቃፊዎች ብቻ ትተው ሌላውን በሙሉ ያውጡና ችግሩ ይታይ እንደሆነ ይፈትኑ። ያለ ሞድም ከታየ ምንጩ ጨዋታው ራሱ ነው። ካልታየ ከወጡት ሞዶች ግማሹን መልሰው ይሞክሩ፤ ችግሩ ከታየ ያንን ግማሽ እንደገና ለሁለት ይክፈሉት፣ ካልታየ ወደ ሌላኛው ግማሽ ይሂዱ። ስልሳ ሞድ ቢኖር እንኳ በስድስት ያህል ዙር አጥፊው ይታወቃል። የክፍሎችን የማዋቀሪያ ቁጥሮች የሚያሻሽለውን ሞዱል ማኔጀርንና አንዱ ሞድ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ሞዶች ግን አብረው ያኑሯቸው፤ አለበለዚያ ፈተናው የሚያሳየው የጠፋውን ድጋፍ እንጂ የሚፈለገውን ስሕተት አይሆንም።

ለፈተናው የሚያገለግለው መንኮራኩር በተቻለ መጠን ትንሽ ይሁን። ሦስት መቶ ክፍል ባለው ጣቢያ ላይ የሚታይ መንቀጥቀጥ ስለ ምንጩ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ያው ነገር በአምስት ክፍል መድገም ከተቻለ ግን መልሱ ቀርቧል ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ሆን ተብሎ የተደረገውን ማቅለያ መለየት

የኬርቢን፣ ማለትም የጨዋታው መነሻ ፕላኔት፣ ሬዲየስ 600 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን በገጹ ላይ ያለው ስበት ግን ከምድር ጋር እኩል ነው። ይህ እንዲሆን የፕላኔቱ እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 58 ቶን ያህል መሆን ይኖርበታል፤ የምድር አማካይ እፍግታ 5.5 ቶን፣ ከተፈጥሮ ንጥረ ነገሮች ሁሉ እፍግ የሆነው ኦስሚየም እንኳ ከ23 ቶን በታች ነው። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ወደ ምሕዋር የሚደረገው ጉዞ በጥቂት ደቂቃ እንዲያልቅ ነው። የክፍሎቹ ቁጥሮችም ለዚህች ትንሽ ዓለም የተመጠኑ ናቸው። የጨዋታው የተለመደ ታንክ ለአንድ ቶን ባዶ ክብደት ስምንት ቶን ነዳጅ ይይዛል፤ የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር ሻትል የውጭ ታንክ በመጨረሻው ቀላል ዓይነቱ ወደ 27 ቶን እየመዘነ ከ700 ቶን በላይ ይይዝ ነበር። ስለዚህ የጨዋታው ክፍሎች ከእውነተኞቹ ይልቅ እጅግ ከባድ ናቸው፤ ይህ ስሕተት ሳይሆን የኬርቢንን ቀላልነት ለማመጣጠን የተደረገ ነው።

ወደ ሌላው አቅጣጫ የተጋነኑም አሉ። «ዶን» የተባለው አዮን ሞተር 2 ኪሎ ኒውተን ገፊ ኃይል በ4200 ሰከንድ ስፔሲፊክ ኢምፐልስ (የነዳጅ አጠቃቀም ብቃት መለኪያ) ይሰጣል። ስያሜውን የሚጋራውና ቬስታንና ሴሬስን ያጠናው የናሳ መንኮራኩር ሞተር ግን ከ0.1 ኒውተን በታች ነበር፤ ልዩነቱ ከሃያ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። የጨዋታው ሞተር የሚያወጣውን የጋዝ ፍሰት ኃይል ብናሰላ 41 ሜጋ ዋት ያህል ይሆናል፤ ይህንንም በጥቂት የፀሐይ ሰሌዳዎች ይሠራዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጊዜን እጅግ በሚያፋጥነው ሁነታ ሞተር ማቀጣጠል ስለማይቻል፣ እውነተኛ አዮን ሞተር ቢሰጥ ኖሮ ተጫዋቹ ለወራት ተቀምጦ መጠበቅ ነበረበት።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሪአክሽን ዊል (በውስጡ በመሽከርከር መንኮራኩሩን የሚያዞር ጎማ) ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ሳያውቀው ስለ እውነተኛ በረራ የተሳሳተ ትምህርት ይሰጠዋል። ትንሿ የአንድ ሰው መቀመጫ ማርክ 1 ፖድ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ጠምዛዥ ኃይል አላት። ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ የሚያዞሩት አራት ታላላቅ ጃይሮስኮፖች እያንዳንዳቸው የሚያወጡት 258 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ አንዱ ሊያከማች የሚችለው የሽክርክሪት መጠንም 4760 ኒውተን ሜትር ሰከንድ ገደማ ነው። በፖዷ ጉልበት ብንሄድ ይህ ክምችት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይሞላና ከዚያ በኋላ ማዞር አይቻልም። በጨዋታው ግን ዊሉ ፈጽሞ አይሞላም። ይህንን ለማረም የዊል መሙላትን የሚጨምሩ ሞዶች አሉ፤ ከጫኗቸው ግን አነስተኛ የአቅጣጫ ማስተካከያ ሮኬቶችን መግጠም ግዴታ ይሆናል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ መመሪያ አንድ ነው፦ የሚጠቀሙበት የክፍል ሞድ ለየትኛው ዓለም እንደተመጠነ አስቀድመው ይወቁ። ክፍሎችን ወደ እውነተኛው መጠን ለሚያመጣው ሪያሊዝም ኦቨርሆል ሞድ የተስተካከለ ሞተር በመደበኛው ኬርቢን ላይ ቢሠራ ከልክ በላይ ኃያል ይመስላል፤ የስኳድ ክፍሎች ደግሞ የእውነተኛውን የፀሐይ ሥርዓት መጠን በሚያመጣው ሪል ሶላር ሲስተም ሞድ ውስጥ ቢገቡ አይበቁም። ከኬርቢን በ80 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ምሕዋር በሰከንድ 2280 ሜትር ያህል ፍጥነት ሲጠይቅ የምድር ዝቅተኛ ምሕዋር 7800 ሜትር ገደማ ይጠይቃል። የመመለሻው ሙቀት በግምት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ በእኩል የአየር እፍግታ ሸክሙ ወደ አርባ እጥፍ ይደርሳል። እዚያ የተቃጠለ ክፍል የተሳሳተ ክፍል አይደለም፤ ያለ ቦታው የገባ ነው።

ደረጃ 3፦ የክፍሉን ቁጥሮች በስሌት መፈተን

የማዋቀሪያ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይከፈታል። መጠነ ቁስ በቶን፣ ገፊ ኃይል በኪሎ ኒውተን፣ ስፔሲፊክ ኢምፐልስ በሰከንድ፣ ሙቀት በኬልቪን ይጻፋል። የመጀመሪያው የተለመደ ስሕተት ከዚህ የሚነሣ ነው፤ በኪሎ ግራም የታሰበ ቁጥር በቶን ቦታ ሲገባ ክፍሉ ሺህ እጥፍ ይከብዳል።

ለሞተር የሚሆን አስተማማኝ ፈተና ይህ ነው። ገፊ ኃይሉን በስፔሲፊክ ኢምፐልሱና በ9.80665 ብዜት ቢያካፍሉት በሰከንድ የሚቃጠለው መጠነ ቁስ ይገኛል። የስኳዱ ቴሪየር ሞተር 60 ኪሎ ኒውተንና 345 ሰከንድ ስለሆነ ፍሰቱ በሰከንድ 17.7 ኪሎ ግራም ነው። ኤፍ-ኤል-ቲ 400 ታንክ 180 አሃድ ነዳጅና 220 አሃድ ኦክሲዳይዘር (ነዳጁን የሚያነድደው ኦክስጅን ሰጪ) ይይዛል፤ አንዱ አሃድ 5 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን በድምሩ 2000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህ አንድ ታንክና አንድ ቴሪየር ከአየር ውጪ በሙሉ ጉልበት 113 ሰከንድ ያህል መቃጠል አለባቸው። ይህንን በሰዓት ይለኩ። ቁጥሩ ከስሌቱ ጋር ከገጠመ የጨዋታው መሠረት ጤነኛ ነው፤ ቀጥሎ በሞድ ሞተርዎ ላይ ያንኑ ስሌት ይድገሙ። ልዩነት ከታየ አንድ ነገር ቁጥሩን በመንገድ ላይ ለውጦታል።

የቆየ ሞድ ከሆነ ፈተናውን በባሕር ወለልም ያድርጉት። ከ1.0 እትም በፊት ጨዋታው አየር ውስጥ ገፊ ኃይሉን ሳይቀንስ የነዳጁን ፍሰት ይጨምር ነበር፤ ይህም ከተፈጥሮ ሕግ ጋር ይቃረናል፤ በእውነተኛ ሞተር ፍሰቱ እንዳለ ሆኖ በአየር ግፊት ምክንያት የሚቀንሰው ገፊ ኃይሉ ነው። አሁን ቴሪየር በባሕር ወለል 85 ሰከንድ ብቻ ስላለው ገፊ ኃይሉ ወደ 14.8 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል፣ ፍሰቱ ግን አይለወጥም። የጥንት ማዋቀሪያ ይዞ የቀረ ሞተር በዚህ ፈተና ወዲያው ይታወቃል።

ቁጥሩን በመንገድ ላይ የሚለውጠው አብዛኛውን ጊዜ የሞዱል ማኔጀር ማሻሻያ ነው። ሁለት ሞዶች አንዱን ሞተር ሲያሻሽሉ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሊያጠፋው ወይም በላዩ ሊያባዛው ይችላል። በዋናው ፋይል ላይ የሚያነቡት ቁጥር የመጨረሻው ላይሆን ስለሚችል፣ ሁሉም ማሻሻያ ከተፈጸመ በኋላ ሞዱል ማኔጀር «ኮንፊግ ካሽ» በሚል ስም የሚያስቀምጠውን ፋይል ከፍተው የክፍሉን ስም ይፈልጉ። ጨዋታው የሚጠቀመው እዚያ ያለውን ነው።

ክፍሎችን በሚያሳድጉና በሚያሳንሱ እንደ ትዊክስኬል ባሉ ሞዶች ደግሞ የሚጠበቀው ግንኙነት የታወቀ ነው፤ ርዝመት ሁለት እጥፍ ሲሆን የፊት ስፋት አራት እጥፍ፣ ይዘት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ነዳጁ ስምንት እጥፍ አድጎ የባዶው ታንክ ክብደት ካልተከተለው፣ ወይም የአየር ተቃውሞው እንደቀድሞው ከቀረ፣ ለዚያ ክፍል የተጻፈው የማሳደጊያ መመሪያ ጎድሏል።

አንድ ተጨማሪ መስመር በጥንቃቄ ይታይ፤ ክፍሉ የራሱ ፊዚክስ እንደሌለው የሚገልጽ ነው። እንዲህ የታወጀ ክፍል መጠነ ቁሱና የአየር ተቃውሞው ወደ ተሸከመው ክፍል ይደመራል። ለመሰላልና ለትንሽ መብራት ይህ መልካም ነው፣ ኮምፒዩተሩን ያቀልለታል። አንዳንድ ሞድ ሠሪዎች ግን ግማሽ ቶን ለሚመዝን መሣሪያ ይህንን ይጠቀሙበታል፤ ያኔ ክብደቱ ክፍሉ በሚታይበት ቦታ ሳይሆን በተሸካሚው ላይ ስለሚያርፍ የመንኮራኩሩ ሚዛን በዐይን ከሚታየው ይለያል። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የጨዋታው ባሕርይ አለ፦ ታንክ ሲጎድል የቀረው ነዳጅ ወደ ታች አይወርድም፤ የታንኩ የክብደት ማዕከል ባለበት ይቆያል። ረጅም ታንክ ያለው አውሮፕላን ሚዛኑን ሲስት ይህንን ማስታወስ ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ መጋጠሚያዎችን መመርመር

ጨዋታው የተሠራበት ዩኒቲ የተባለው የጨዋታ መሥሪያ ፊዚክሱን የሚያሰላው ፊዝኤክስ በተባለ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ጠጣር አካል ሲሆን ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዘው ጥቂት እንደሚለጠጥ ምንጭ በሚሠራ መጋጠሚያ ነው። ስሌቱ በመደበኛ ሁኔታ በየ0.02 ሰከንዱ ይካሄዳል፤ በዚያች ቅጽበት ሥርዓቱ የሁሉንም መጋጠሚያዎች መልስ ደጋግሞ በማቃረብ ይፈልጋል እንጂ ፍጹም መልስ አያወጣም። ማቃረቡ የሚሰናከልበት ዋናው ሁኔታ የክብደት ልዩነት ነው። ሰማንያ ቶን ታንክና አርባ ቶን ሞተር መካከል ሃምሳ ኪሎ የምትመዝን የሮኬት ደረጃ መለያያ ስትገባ፣ በሁለት ግንድ መካከል እንደተሰካ ስንጥር ትሆናለች፤ ከላይና ከታች የሚመጣውን ኃይል ስሌቱ በጊዜ ሊያስማማው ስለማይችል መንኮራኩሩ ይወዛወዛል፣ አንዳንዴም ይበተናል። በሞድ የሚመጡ ክፍሎች ከስኳድ ክፍሎች ይልቅ በጣም ትልቅ ወይም በጣም ቀላል ስለሚሆኑ ይህ ችግር በሞድ ጨዋታ ይበዛል።

የማረሚያው ቅደም ተከተል ይህ ቢሆን መልካም ነው። አስቀድሞ የክፍሉን ቁጥር ይቀንሱ፤ አራት ትንንሽ ታንኮች ከሚደረደሩ አንድ ትልቅ ታንክ ይሻላል፣ ሦስት መጋጠሚያዎች ይጠፋሉና። ቀጥሎ በሁለት ከባድ ክፍሎች መካከል ያለውን ቀላል ክፍል ያንሡት ወይም ክብደቱ የሚቀራረብ ተመሳሳይ ክፍል ይተኩበት። የክፍሉን የመጋጠሚያ ነጥብ መጠን ይመልከቱ፤ ጨዋታው የመጋጠሚያውን ጥንካሬ የሚመዝነው በዚህ ጭምር ስለሆነ፣ አምስት ሜትር ስፋት ላለው ክፍል በስሕተት የትንሽ ክፍል ነጥብ ከተጻፈለት ከሮኬቱ መካከል ይታጠፋል። እርማቱ አንዲት ቁጥር ናት።

እነዚህ ካልበቁ ብቻ ወደ አውቶስትራት ይሂዱ። ይህ በ1.2 እትም የገባ ስውር ማጠናከሪያ ሲሆን የሚታየው በቅንብሩ ውስጥ የላቁ ማስተካከያዎች ሲፈቀዱ ነው። ሦስት ምርጫ አለው፦ ከከባዱ ክፍል፣ ከሥረ-ክፍሉ (ግንባታው ከተጀመረበት) ወይም ከአያት ክፍሉ (ከተሸካሚው ተሸካሚ) ጋር ማሰር። ብዙዎች ሳያስቡ «ከከባዱ» የሚለውን ይመርጣሉ፤ እኔ ግን አልመክረውም። ነዳጅ ሲቃጠል ወይም ሌላ መንኮራኩር ሲጣበቅ ከባዱ ክፍል ይለወጣል፤ በዚያ ቅጽበት የማጠናከሪያው መረብ በሙሉ በአዲስ መልክ ይተሳሰርና ጸጥ ያለው ጣቢያ ድንገት ይናወጣል። የአያት ምርጫ አጭርና የማይለዋወጥ ስለሆነ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። በኦልትና ኤፍ 12 ቁልፎች በሚከፈተው የምርመራ ሰሌዳ፣ በፊዚክስ ክፍል ሥር፣ አውቶስትራቶችን በመስመር የሚያሳይ ምርጫ አለ፤ ሳይመለከቱ አይገምቱ።

ኬርባል ጆይንት ሪኢንፎርስመንት የተባለው ሞድ መጋጠሚያዎችን በጅምላ ያጠነክራል፤ ለታላላቅ ሮኬቶች በእውነት ጠቃሚ ነው። ነገር ግን እሱን ጭኖ፣ ሁሉንም ክፍል በአውቶስትራት አስሮ፣ በዚያ ላይ «ግትር መጋጠሚያ» የሚለውን መክፈት እርስ በርስ የሚጋጩ ገደቦችን ይፈጥራል። በሁለት የተለያየ መንገድ የታሰረ ክፍል በሁለቱ መካከል በጥቂት ሚሊ ሜትር ካልተስማማ፣ ስሌቱ ያንን ልዩነት ለማጥፋት ኃይል ያመነጫል፤ ያም ኃይል ከየትም ያልመጣ ስለሆነ መንኮራኩሩ በራሱ መሽከርከር ይጀምራል። ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ። የሚንቀሳቀሱ የሮቦት ክፍሎች ባሉበት ደግሞ ማንኛውም ማጠናከሪያ ከተንቀሳቃሹ ወዲያና ወዲህ ያሉትን ክፍሎች እንዳያስር ያረጋግጡ። በእነዚሁ ክፍሎች ላይ የአንድ መንኮራኩር ክፍሎች እርስ በርስ እንዲጋጩ የሚፈቅደው ምርጫም፣ አስፈላጊ ካልሆነ ዝግ ይሁን፤ እርስ በርስ ተጠላልፈው የተሠሩ ክፍሎች በድንገት መገፋፋት ይጀምራሉና።

ጊዜን በአየር ውስጥ እስከ አራት እጥፍ የሚያፋጥነው የፊዚክስ ማፋጠኛ የእያንዳንዱን ስሌት እርምጃ ያስረዝመዋል፤ ስለዚህ በአንድ እጥፍ የቆመ ሮኬት በአራት እጥፍ ሊሰበር ይችላል። ፈተና በሚደረግበት ጊዜ ፈጽሞ አይጠቀሙበት። በቅንብሩ ውስጥ ያለው ለአንድ ምስል የሚፈቀደው ከፍተኛ የፊዚክስ ጊዜ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። እርምጃውን አይለውጥም፤ ኮምፒዩተሩ ሲደክም ምስሉ ይቆራረጥ ወይስ የጨዋታው ሰዓት ይዘግይ የሚለውን ብቻ ይወስናል። ሰዓቱ ወደ ቢጫ መለወጡ የፊዚክስ ስሕተት ምልክት አይደለም።

ደረጃ 5፦ የቁጥር ትክክለኝነት ገደብ

ፊዝኤክስ ቦታንና ፍጥነትን የሚይዘው ሰባት ያህል አኃዝ ብቻ በሚያስተናግድ ቁጥር ነው። ከመነሻው ነጥብ 2.5 ኪሎ ሜትር የራቀ ክፍል ቦታው በሩብ ሚሊ ሜትር ትክክለኝነት ይታወቃል። በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ግን መለኪያው ወደ 8 ሚሊ ሜትር፣ በ600 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሰፋል። መጋጠሚያው ይህንን መዝለል እንደ እውነተኛ መለጠጥ ቆጥሮ በኃይል ይመልሰዋል። በጥንቶቹ እትሞች መንኮራኩሮችን በጠፈር የሚበጣጥሰውና ተጫዋቾች ክራከን ብለው የሰየሙት አውሬ ከዚህ የተወለደ ነው። ስኳድ የመነሻውን ነጥብ ከመንኮራኩሩ ጋር አብሮ በማንቀሳቀስና ከፍተኛ ፍጥነትን ከመንኮራኩሩ ወደ አካባቢው በማዛወር አብዛኛውን ፈውሶታል።

መፍትሔው የሚሠራው ግን በዋናው መንኮራኩር ዙሪያ ብቻ ነው። በመደበኛው ጨዋታ ሌሎች መንኮራኩሮች ፊዚክሳቸው የሚሰላው በ2 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ክልል ውስጥ ሲሆኑ ብቻ መሆኑ በምክንያት ነው። ፊዚክስ ሬንጅ ኤክስቴንደር የተባለው ሞድ ይህንን ክልል ወደ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ሲያሰፋ ሩቅ ያሉት መንኮራኩሮች በተበላሸ ትክክለኝነት ይሰላሉ፤ የሚንቀጠቀጡት ማዕዘኖች፣ የሚዘሉት የማረፊያ እግሮች ከዚያ ይመጣሉ። ሞዱን ለሚያስፈልግበት ተልእኮ ብቻ ይክፈቱት፣ ክልሉንም የሚበቃውን ያህል ብቻ ያድርጉት፤ ጣቢያዎ ያለበትን ጨዋታ ከማስቀመጥዎ በፊትም ይዝጉት።

ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ሌላ ችግር በዝግታ የሚከማች ነው። መንኮራኩሩ ከፊዚክስ ወደ ተቀመጠ ሁኔታ በተመለሰ ቁጥር የክፍሎቹ ጥቂት መታጠፍ እንደ ቋሚ ቦታቸው ሊመዘገብ ይችላል፤ ከብዙ ማፋጠንና መጣበቅ በኋላ ቀጥ ብሎ የነበረው ጣቢያ ጠምዞ ይገኛል። የሮቦት ክፍሎችም እንዲሁ ይስታሉ። ለሁለቱም ኬ.ኤስ.ፒ. ኮሚኒቲ ፊክስስ የተባለው የእርማቶች ስብስብ መፍትሔ ይዟል፤ በሞድ የሚጫወት ሁሉ ሊጭነው የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ። አስቀድሞ የተጣመመውን ግን አያቃናም፤ ስለዚህ ጣቢያ ከመገንባት በፊት ይጫን።

ደረጃ 6፦ የአየር ተቃውሞ

መደበኛው ጨዋታ እያንዳንዱን ክፍል በስድስት አቅጣጫ አይቶ የፊት ስፋቱንና የቅርጹን ለስላሳነት በሳጥን መልክ ይመዘግባል። ሁለት ክፍሎች በመጋጠሚያ ነጥብ ሲያያዙ የተሸፈነው ስፋት ከስሌቱ ይቀነሳል። ከዚህ ሁለት ያልተጠበቁ ውጤቶች ይመጣሉ። በነጥብ ሳይሆን በጎን የተለጠፈ ክፍል፣ በሌላ ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተደብቆ ቢታይም አየሩ እንዳገኘው ተቆጥሮ ይጎተታል። ባዶ የቀረ የመጋጠሚያ ነጥብም ያለው ክፍል እንደ ጠፍጣፋ ጀርባ ይቆጠራል። ስለዚህ በሞድ የመጣው ሮኬት ለምን እንደሚጎተት ለማወቅ ኤፍ 12ን ተጭነው የኃይል ቀስቶቹን ይመልከቱ፣ በምርመራው ሰሌዳም የእያንዳንዱን ክፍል የአየር ተቃውሞ ቁጥር በክፍሉ ዝርዝር ውስጥ እንዲታይ ያድርጉ። በዕቃ መጫኛ ውስጥ ያለ ክፍል ከአየር እንደተከለለ ካልተነገረ ጥፋቱ የመጫኛው ነው፤ ሞዱ የመከለያ ክልሉን በትክክል አልወሰነም።

ጨዋታው እነዚህን ሳጥኖች አንድ ጊዜ አስልቶ «ፓርት ዳታቤዝ» በተባለ ፋይል ያስቀምጣቸዋል። የክፍሉ ቅርጽ በሞድ እትም ለውጥ ከተቀየረ የድሮው መዝገብ ሊቀር ይችላል። ጨዋታውን ዘግተው ፋይሉን ቢያጠፉት በሚቀጥለው ጭነት እንደገና ይሠራል፤ ጉዳት የለውም፣ የሚጠይቀው ጥቂት የመጫኛ ጊዜ ብቻ ነው።

ፌራም ኤሮስፔስ ሪሰርች የተባለው ሞድ ይህንን አሠራር ሙሉ በሙሉ ትቶ የመንኮራኩሩን አጠቃላይ ቅርጽ ወደ ጥቃቅን ኩቦች ከፍሎ ያሰላል፤ የተደበቀው በእርግጥ ይደበቃል፣ ሹሉም በእርግጥ ሹል ይሆናል። ለአውሮፕላን ሠሪዎች ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሆኖም ለመደበኛው ስሌት የተመጠኑ የክንፍ ሞዶች ለእርሱ የተዘጋጀ ማሻሻያ ከሌላቸው የተሳሳተ አንሺ ኃይል ይሰጣሉ፤ ከመጫንዎ በፊት የክንፍ ሞዱ እንደሚደግፈው ያረጋግጡ።

ደረጃ 7፦ ሙቀትና የጊዜ ማፋጠን

በከፍተኛ ማፋጠን ጨዋታው ሙቀትን በደረጃ ማስላቱን ትቶ በግምታዊ ቀመር ይተካዋል፤ የሚሞቅ ወይም የሚቀዘቅዝ የሞድ ክፍል በዚያ ሽግግር ላይ በድንገት ቢፈነዳ፣ ማፋጠኑን ደረጃ በደረጃ ከፍ በማድረግ በየትኛው እርከን እንደሚከሰት ይለዩ። ማፋጠን የመንኮራኩሩን ሽክርክሪትም ያቆመዋል፤ የሽክርክሪት ጥበቃ ሕግን ይጥሳል ማለት ነው። ፐርሲስተንት ሮቴሽን የተባለው ሞድ ያስተካክለዋል። መንኮራኩሩ በአንድ ጊዜ በአንድ ፕላኔት ስበት ብቻ የሚሳብ መሆኑ ደግሞ ከክፍሎች ሳይሆን ከምሕዋር ጋር የሚያያዝ ማቅለያ ስለሆነ፣ ለዚያ ፕሪንሲፒያ የተባለ ሞድ መኖሩን መጥቀስ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ እርማቱን መጻፍና ለሞዱ ባለቤት ማሳወቅ

የተሳሳተውን ቁጥር ካገኙ የሞዱን ፋይል በቀጥታ አይለውጡት፤ በሚቀጥለው እትም ይጠፋል። በ«ጌም ዳታ» ውስጥ የራስዎን አቃፊ ፈጥረው አጭር የሞዱል ማኔጀር ማሻሻያ ይጻፉ፣ ከዋናው ሞድ በኋላ እንዲፈጸምም ቅደም ተከተሉን ያመልክቱ። አንድ ቁጥር ብቻ ለውጠው የደረጃ 3ን ፈተና ይድገሙ፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ የትኛው እንደፈወሰ አይታወቅም።

ለሞዱ ባለቤት ሲጽፉ የጨዋታውንና የሞዱን እትም ቁጥር፣ የተጫኑትን ሞዶች ዝርዝር፣ የጨዋታውን ሎግ ፋይል፣ የትንሿን መፈተኛ መንኮራኩር ፋይልና ስሕተቱ የሚደገምበትን ቅደም ተከተል ያያይዙ። የለኩትንና ያሰሉትን ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ «ሞተሩ ተበላሽቷል» ከሚል መልእክት ይልቅ «በስሌት 113 ሰከንድ መቃጠል ሲገባው በ80 ሰከንድ ያልቃል» የሚለው በአንድ ምሽት መልስ ሊያገኝ ይችላል። ጥፋተኛውን የክፍል ሞድ ለማስወገድ ከወሰኑ ግን አስቀድመው የተቀመጠውን ጨዋታ ቅጂ ያስቀሩ፤ ክፍሉ የሌለበት ጨዋታ ያንን ክፍል የያዙ መንኮራኩሮችን ሊሰርዝ ስለሚችል፣ መጀመሪያ እነዚያን መንኮራኩሮች ወደ መሬት መልሰው ወይም ሠራተኞቻቸውን አውርደው ከዚያ ሞዱን ያውጡ።